የሻይ ሰዓት ወሬ፦ ተረትና እውነታ

ሁለት ሠራተኞች ኮሪደር ላይ ቆመው ሲጫወቱ ካየ ሥራ የቆመ የሚመስለው አለቃ በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። ስለ ባልደረቦች ጨዋታ ከምናምነው ብዙው ግን ሲመረመር አይጸናም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ ወሬ ሥራ ያስፈታል።

ግማሹ እውነት ነው። በጄሲካ ሜቶት መሪነት ተሠርቶ በ2021 የታተመ ጥናት 151 ሠራተኞችን ለ15 የሥራ ቀናት ተከታትሏል። ቀለል ያለ ጨዋታ በበዛበት ቀን ሠራተኞቹ ደስ ብሏቸው ይውሉና ማታም በተሻለ መንፈስ ላይ ይሆናሉ፤ ሐሳባቸውን ሥራው ላይ ማሳረፍ ግን ይከብዳቸዋል። ስለዚህ አለቃው የሚያየው ኪሳራ አለ፤ የማያየው ትርፉን ነው። የኤምአይቲው አሌክስ ፔንትላንድና ባልደረቦቹ ያጠኑት የአንድ ባንክ የስልክ ጥሪ ማዕከል ሠራተኞቹን ለቡና እረፍት በየተራ ያስወጣ ነበር። በተመራማሪዎቹ ምክር የአንድ ቡድን አባላት አብረው መውጣት ሲጀምሩ፣ አንድ ጥሪ የሚፈጀው ጊዜ በደካሞቹ ቡድኖች ከ20 በመቶ በላይ፣ በማዕከሉ በአጠቃላይ ደግሞ 8 በመቶ ቀነሰ።

ተረት፦ ሥራ የሚያስገኘው የቅርብ ዘመድና ወዳጅ ነው።

ሶሲዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር በቦስተን አካባቢ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን፣ ወሬውን ከነገራቸው ሰው ጋር ምን ያህል ይገናኙ እንደነበር ጠየቀ። በ1973 ባወጣው ጽሑፍ፣ ቶሎ ቶሎ ይገናኙ የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው፤ 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ፣ የቀሩት ደግሞ ከስንት አንዴ። የቅርብ ጓደኛዎ የሰማውን እርስዎም ሰምተውታል፤ አዲስ ነገር የሚመጣው ከወዲያኛው ሰፈር ነው። በእኛ አገር የዘመድ ነገር ይጠነክራል ይባል ይሆናል። ቢሆንም ፋይልዎ የት እንደተኛ ከመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የበለጠ ማን ይነግርዎታል? ከእሷ ጋር ያለዎት ዝምድና ደግሞ የጠዋት ሰላምታ ብቻ ነው።

ተረት፦ የመሥሪያ ቤት ወሬ ማለት ሐሜት ነው።

ተመራማሪው ሮቢን ደንባር በ1990ዎቹ ሰዎች ሲያወሩ እየተከታተለ ባደረገው ጥናት፣ ከጨዋታው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ስለ ሰውና ስለ ኑሮ ነው፤ ሰውን መንቀፍ ግን ጥቂት ድርሻ ብቻ ነበረው።

ተረት፦ የግል ጉዳይ መጠየቅ አሳቢነት ነው።

እዚህ ላይ ጥናት አያስፈልገኝም። «ወፈርሽ እኮ!»፣ «መቼ ነው ሠርጉ?»፣ «ልጁን አትደግሙትም?» የሚለው ሰው ከልቡ ተጨንቆ ነው፤ አልጠራጠርም። የተጠየቀችው ግን ባለፈው ወር ፅንስ ወርዶባት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ደግሞ ሻይ ክበብ ውስጥ ቆማ አትናገርም። «የት አገር ልጅ ነህ?» የሚለውም የአገር ልጅ መፈለጊያ የነበረበት ጊዜ አልፏል፤ ዛሬ ብዙ ሰው ብሔሩን የተጠየቀ ያህል ይሸማቀቃል። ለጨዋታ ሌላ ርእስ አይጠፋም፦ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ የቡና ዋጋ አለ፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ የአርሰናልና የማንቸስተር ክርክር አለ። (ኳስ የማይከታተለው ባልደረባ እስከ ማክሰኞ ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ ግን አይርሱ።)

ተረት፦ «ወሬዬ አልጣማቸውም።»

ከሁሉም ተረት ሰውን በብዛት ብቸኛ የሚያደርገው ይሄ ይመስለኛል። ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ሌላው ሰው ምን ያህል እንደወደዳቸው ተጠየቁ። ግምታቸው ከእውነተኛው መውደድ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የመኝታ ክፍል የተጋሩ ተማሪዎችም ለወራት ይህንኑ ስሕተት ይሳሳቱ ነበር፤ በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አብረው በሚሠሩ ቡድኖች ውስጥ ያንኑ አገኘ። ሰው ከተጫወተ በኋላ የራሱን ስሕተት እየቆጠረ ይሄዳል፤ ያዳመጠው ግን ያንን አልቆጠረም። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ እየተዋደዱ፣ ሁለቱም «አልወደደኝም» ብለው ይለያያሉ።

ስለዚህ አዲስ የተቀጠረው ልጅ ጥግ ይዞ ብቻውን ምሳ ሲበላ ካዩ ኩራተኛ ነው ብለው አይለፉት። ጠርተው ከማዕዱ ያስቀምጡት።