«እንቦሳ እሰሩ» ማለት ቀላል መሰላችሁ?

አዲስ ቤት የገባ ሰው ባየን ቁጥር «እንቦሳ እሰሩ!» እያልን የምንመርቅ እኛ ከተሜዎች ነን። ለመሆኑ ስንቶቻችን ነን እንቦሳ አስረን የምናውቀው? እኔ አንዷን ሞክሬአታለሁና ከእንግዲህ ምርቃቱ ከአፌ በዋዛ አይወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱሉልታ ወተት እየሸጡ የሚኖሩ አክስት አሉኝ። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ስሄድ ቦቂት የምትባል የፈረንጅ ዲቃላ ጥጃ ነበረቻቸው። ዕድሜዋ ስድስት ወር፣ ክብደቷ ግን ከእኔ የሚበልጥ! ለክትባት አራት ወንዶች መሬት ላይ አስተኝተው ከያዟት ቀን ጀምሮ ሰው ሲጠጋት ግድግዳ ልትወጣ ትደርሳለች። «ዛሬ የማትነካ ነገ ወልዳ ማን ያልባታል? ነጋዴው ይውሰዳት» አሉ አክስቴ። ነጋዴው ወዴት እንደሚወስዳት አልጠፋኝም። «ሁለት ሳምንት ይስጡኝ» አልኩ። ጉራ!

በመጀመሪያው ቀን አንገቷ ላይ ገመድ አስገብቼ ጫፉን መዳፌ ላይ ሁለቴ ጠምጥሜ ጎተትኩ። እሷም ጎተተች። ማን እንዳሸነፈ መዳፌ ላይ ያለው ጠባሳ ይናገራል። (ወዳጆቼ፣ ገመድ በጭራሽ በእጅ አይጠመጠምም፤ ጣት ይበጥሳል።) በዚያ ተናድጄ በዱላ ሁለቴ አቀመስኳት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ ለሦስት ቀን ድምፄን ስትሰማ ትንቀጠቀጥ ነበር።

ይህን ሁሉ በአጥር ሲያዩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት፣ «አንተ ልጅ፣ መጎተት ማንም ያውቅበታል፤ አንተ መልቀቅ ነው ያቃተህ» አሉኝ። ያኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

እሳቸው እንዳሉኝ ጋጣው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፤ ፉርሽካ በባልዲ ይዤ፣ ሳላያት። ከብት ከኋላው ትንሽ ቦታ ሲቀር ዙሪያውን ሁሉ ያያል፤ ባላየው በኩል የመጣበት ሰው ለእሱ ጅብ ነው። ስለዚህ በትከሻዋ በኩል፣ እያወራሁ መጠጋት ለመድኩ። በአራተኛው ቀን ከባልዲው በላች። በአምስተኛው አንገቷን አከክሁላት፤ ዓይኗን ጨፈን አደረገች። እመኑኝ፣ ደስታው እንደ ፍቅር ቀጠሮ ነው!

ከዚያ ልባብ አደረግንላት፤ ልባብ ማለት አንገት ሳያንቅ ጭንቅላቷን የሚይዝ ገመድ ነው። አጭር ጫፍ አስከትዬ ለቀቅኳትና አጠገቧ ሆኜ እጠብቃት ጀመር። ገመዱን ራሷ ትረግጠዋለች፣ ይይዛታል፣ ትቆማለች፣ ይላላላታል። ያለ እኔ ተማረች ማለት ነው። ቀጥሎ በራሷ ቁመት ልክ፣ ሳብ ሲያደርጉት በሚፈታ ቋጠሮ ለሩብ ሰዓት አሰርኳት። ታስራ ብቻዋን አትተውም፤ ብትወድቅ ትታነቃለች።

የሽማግሌው ነገር የገባኝ ስንሄድ ነው። ገመዱን ወጠር አድርጌ እይዛለሁ፤ አልመነጭቅም። እግሯን ባነሳችባት ቅጽበት አላላለሁ። ትንሽ ከዘገየሁ ለምን እንደላላላት አይገባትም፤ እንደገና «ሀ» ብለን እንጀምራለን። አንዳንዱን ከሰዓት ሦስት እርምጃ ብቻ ሄደን ገባን።

በኋላ ሳነብ፣ በአሜሪካ የገጠር ልጆች ጥጃ ገርተው በአውደ ርዕይ ዳኞች ፊት እየመሩ ይወዳደራሉ። በ1902 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኦሃዮ ውስጥ የተጀመረው ፎር-ኤች የተባለው የወጣቶች ማኅበር በዚህ ይታወቃል። እነሱ ታዲያ ዝግጅቱን ከወራት በፊት ይጀምራሉ። የእኔ ሁለት ሳምንት!

በአሥራ አራተኛው ቀን ነጋዴው መጣ። ቦቂትን በላላ ገመድ ግቢውን አዞርኳት። አክስቴ ምንም ሳይናገሩ ተጠግተው ጡቷን ዳሰሱ። ጅራቷን ወዘወዘች እንጂ አልተራገጠችም። ለነጋዴው ቡና አፍልተው በባዶ እጁ ሸኙት።

ጃንጥላ የዘረጋ ሰው ስታይ ግን አሁንም እኔን ጎትታ አጥር ስር ትከታለች። እሱን ገና አልጀመርነውም።