ፓናሉ ነው የደከመው? የቤት ሶላር ተረትና እውነታ

ሶላር ባለበት ቤት ማታ መብራቱ ሲደበዝዝ ወይም ቴሌቪዥኑ ዜናው ሳያልቅ ሲጠፋ፣ መጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ «ፓናሉ ደክሟል» የሚል ነው። ከዚያ ገንዘብ ተጠራቅሞ ሌላ ፓናል ይገዛል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከአዲሱ ፓናል ጋርም ይቀጥላል፤ የደከመው ሌላ ዕቃ ነበርና። በወር ደመወዝ ለሚኖር ወይም ምርቱን ሸጦ ሶላር ላስገባ ቤተሰብ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ፓናል ምን ያህል እያመረተ እንደሆነ መከታተል የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በክትትሉ ዙሪያ ከሚነገረው ግን ብዙው ያሳስታል።

ገንዘብ በማስወጣት የሚስተካከለው የሌለው «ፓናል በጥቂት ዓመት ይሞታል» የሚለው እምነት ነው። በየጣሪያው የምናየው የሲሊከን ፓናል በዓመት የሚቀንሰው በአማካይ ከአቅሙ ግማሽ በመቶ ገደማ ነው። ጤነኛ ከሆነ 10 ዓመት አገልግሎም ከመነሻ አቅሙ 95 በመቶ ያህሉን ይሰጣል። ብዙ አምራቾችም በ25ኛው ዓመት ቢያንስ 80 በመቶ እንደሚሰጥ ዋስትና ይጽፋሉ። አብሮት የሚሠራው የሊድ አሲድ ባትሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ በየማታው እስኪያልቅ ከተጠቀሙበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ማታ መብራት ሲያጥር መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ባትሪው ነው።

«100 ዋት ተብሎ የተሸጠ 100 ዋት መስጠት አለበት»

ፓናሉ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ቁጥር የተለካው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን አርፎበት፣ የሴሎቹ ሙቀትም 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በቀትር ፀሐይ የዋለ ፓናል ግን 55 ዲግሪ መድረስ አይከብደውም። ሲሊከን ሲሞቅ ይሰንፋል፤ ከ25 በላይ ለምትጨምር ለእያንዳንዷ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 30 ዲግሪ ሲጨምር 12 በመቶው ሄደ ማለት ነው። አቧራው፣ ገመዱና በፓናሉና በባትሪው መካከል ያለው ቻርጅ ኮንትሮለርም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። ስለዚህ የ100 ዋት ፓናል በጠራ ቀትር 75 ወይም 80 ዋት ከሰጠ ደህና እየሠራ ነው።

«አገሩ በሞቀ ቁጥር ሶላር ይበረታል» የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ስሕተት ነው። ፓናል የሚሠራው በብርሃን እንጂ በሙቀት አይደለም። እኩል ብርሃን ካገኙ፣ በኅዳር ብርድ ደብረ ብርሃን ያለው ፓናል ሰመራ ካለው ይበልጣል። በተለይ ቆላ ያላችሁ ፓናሉን ከቆርቆሮው ጋር አታጣብቁት፤ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑረው።

«እኩለ ቀን ላይ የኮንትሮለሩ ስክሪን 15 ዋት ብቻ ያሳያል፤ ተበላሽቷል»

ይህን ረጋ ብለን እንየው፤ ብዙ ጤነኛ ፓናል የሚፈረድበት እዚህ ላይ ነው። ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ባልተያያዘ ቤት ፓናሉ ያመረተው የሚሄድበት ሁለት ቦታ ብቻ አለ፤ ባትሪው እና በዚያች ሰዓት የበራው ዕቃ። ባትሪው ከሞላና የበራ ዕቃ ከሌለ ቻርጅ ኮንትሮለሩ ፓናሉን ይገታዋል። ነገሩ እንደ ውሃ ሮቶ ነው፤ ሮቶው ሲሞላ ተንሳፋፊው ውሃውን ይዘጋዋል፤ ቧንቧው ውሃ ስላጣ አይደለም። ስክሪኑ ላይ ያለው 15 ዋትም ቤቱ የጠየቀው ነው፤ ፓናሉ መስጠት የሚችለውን አይነግራችሁም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሰማዩ ጥርት ያለበትን ቀን ምረጡ። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከፍታዋ ጫፍ የምትደርሰው ልክ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን ወደ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥኑን፣ ማራገቢያውን፣ አምፖሎቹን፣ ያላችሁን ሁሉ አብሩና ስክሪኑን እዩ። የ100 ዋት ፓናል ከሆነና ቁጥሩ ከ15 ተነሥቶ ወደ 70 ከወጣ ፓናሉ ምንም አልሆነም። የሚበራ በቂ ዕቃ ከሌላችሁ ሌሊቱን የወረደው ባትሪ ገና በመሙላት ላይ ሳለ፣ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ተመልከቱ፤ ያን ጊዜ ኮንትሮለሩ የሚገታበት ምክንያት አይኖረውም።

ዋናው ክትትል ግን በዋት ሳይሆን በዋት-ሰዓት ነው። ዋት የዚያች ቅጽበት ኃይል ነው፤ ዋት-ሰዓት ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመው። አብዛኛው የዛሬ ኮንትሮለርና ኢንቨርተር የዕለቱን ድምር ይይዛል። ስንት መጠበቅ እንዳለባችሁ በግምት ለማወቅ የፓናሉን ዋት በ5 አባዙና ከውጤቱ ሩቡን ቀንሱ። በ5 የምናባዛው ብዙው የኢትዮጵያ ክፍል በአማካይ በቀን በካሬ ሜትር ከ5 ኪሎ ዋት-ሰዓት የማያንስ የፀሐይ ኃይል ስለሚያገኝ ነው። 300 ዋት ያለው ቤት በዚህ ስሌት 1,125 ዋት-ሰዓት ገደማ ይጠብቃል። ለየአካባቢያችሁ በየወሩ የተሰላ ግምት ከፈለጋችሁ ዓለም ባንክ ያቀረበው ግሎባል ሶላር አትላስ እና የአውሮፓ ኮሚሽን ፒቪጂአይኤስ ኢትዮጵያንም ይሸፍናሉ፤ በነጻ ናቸው። ድምሩን ስታነቡ ግን ያንን የሞላ ባትሪ አትርሱ። ቤተሰቡ ለፋሲካ አገር ቤት ከርሞ ሲመለስ የሳምንቱ ድምር ዝቅ ብሎ ቢያገኘው ፓናሉን መክሰስ አይገባም፤ ኃይሉን የሚጠቀም ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም።

የ13 ወር ፀሐይ ጉዳይ

ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር ያወጡት ኢትዮጵያን ለቱሪስት ለማስተዋወቅ ነበር፤ ለሶላር ስሌት ግን አይሆንም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደጋው በደመና ሲሸፈን ምርቱ በግልጽ ይወርዳል። የነሐሴን ድምር ከጥር ጋር አስተያይቶ «ቀነሰ» ማለት ፓናሉን መበደል ነው። ሐምሌን ካለፈው ዓመት ሐምሌ ጋር፣ ጥርንም ከጥር ጋር አስተያዩ። በሌላ በኩል «ደመና ካለ ምንም አይመረትም» የሚሉም ተሳስተዋል። በደመና ተበትኖ የሚመጣው ብርሃንም ይመረትበታል፤ በጥቁር ደመና ቀን እንኳ ከጠራው ቀን ምርት ጥቂቱ ይገኛል። ዝናቡም አቧራውን ያጥባል። በበጋ ግን ማጠቡ የእናንተ ሥራ ነው፤ በማለዳ፣ ፓናሉ ሳይሞቅ፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ። የድስት ሽቦ እንዳታስጠጉት።

«ቮልቱ 21 ነው፤ እንግዲያው ጤነኛ ነው»

አይደለም። ቮልት ገና ጎህ ሲቀድ፣ በደካማ ብርሃንም ይመጣል። 36 ሴል ያለው አነስተኛ ፓናል ምንም ሳይታሰርበት ከ21 እስከ 22 ቮልት ያሳያል፤ ግማሽ አቅሙን አጥቶ እንኳ ይህንኑ ሊያሳይ ይችላል። ከብርሃኑ ጋር አብሮ የሚወጣውና የሚወርደው አምፔሩ ነው። አንድ ትንሽ ፓናል ለብቻው ተነቅሎ፣ በጠራ ቀትር መልቲሜትሩን በ10 አምፔር መስመር ላይ አድርጎ ሲለካ፣ ጀርባው ላይ ከተጻፈው የአጭር ዙር አምፔር ብዙም መራቅ የለበትም። ይህንን ግን በተከታታይ በታሰሩ ብዙ ፓናሎች ላይ ፈጽሞ አትሞክሩት። ቮልቱ ብዙ መቶ ይደርሳል፤ የቀጥታ ጅረት ብልጭታ ደግሞ አንዴ ከተነሣ በቀላሉ አይጠፋም። ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

«ትንሽ ጥላ ምን ይጎዳል?» የሚለውም በአምፔሩ ነው የሚመለሰው። ሴሎቹ እርስ በርስ የተያያዙት በተከታታይ ስለሆነ አንዱ ሲጨልም የጓደኞቹንም መንገድ ይዘጋል። መዝጊያውን ለማለፍ በትልልቅ ፓናሎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዳዮዶች ይገባሉ፤ እነሱም ቢሆኑ አንድ ሴል በጨለመ ቁጥር የፓናሉን ሲሶ ከሥራ ያስወጣሉ። የዲሽ ጥላ ወይም የወፍ ኩስ ለዚህ ይበቃል። የጥላው ቦታም ከወር ወር ይቀየራል። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በቀትር ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በታኅሣሥ ምንም ያልነካችሁ በሰሜን በኩል ያለ ዛፍ ወይም ፎቅ በሰኔ ጠዋትና ከሰዓት ሊያጨልምባችሁ ይችላል።

ማንም የማይጠረጥረው

አምፔሩ ሙሉ ሆኖ ምርቱ አሁንም ካነሰ ወደ ኮንትሮለሩ ተመልከቱ። ርካሹ ፒደብሊውኤም የሚባለው ዓይነት ፓናሉን ወደ ባትሪው ቮልት ጎትቶ ያወርደዋል። በ18 ቮልት ሙሉ ኃይሉን የሚሰጥ ፓናል ወደ 13 ሲወርድ ከሩብ በላይ ይጠፋል። ከዚህ የከፋም አለ። 300 ዋት ያለው ትልቅ ፓናል ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው 32 ቮልት ገደማ ላይ ሊሆን ይችላል፤ 9 አምፔር ተኩል አካባቢ ማለት ነው። በዚህ ኮንትሮለር በኩል ባለ 12 ቮልት ባትሪ ላይ ከታሰረ ያው 9 አምፔር ተኩል በ13 ቮልት ይሆናል፤ 120 ዋት ገደማ። የ300 ዋት ዋጋ የከፈለ ሰው ግማሹንም አያገኝም፤ ፓናሉ ግን አዲስና ጤነኛ ነው። ኤምፒፒቲ የሚባለው ኮንትሮለር ዋጋው ከፍ ቢልም ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ይለውጠዋል። እንዲህ ላለው ቤት ሁለተኛ ፓናል ከመጨመር ኮንትሮለሩን መቀየር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ገመዱም እንዲሁ ነው። የ150 ዋት ፓናል 8 አምፔር ገደማ ይልካል። ከጣሪያ እስከ ባትሪ 10 ሜትር በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ቢመጣ ደርሶ መልሱ 20 ሜትር ነው፤ ወደ 2 ቮልት የሚጠጋ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከ18ቱ አሥር በመቶ ያህሉ። በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ የሚጠፋው 0.7 ቮልት ብቻ ነው። ባትሪውን ለመመዘን ደግሞ የሊድ አሲድ ከሆነ ለጥቂት ሰዓታት ሳይሞላም ሳይሠራም ይቆይና ቮልቱ ይለካ፤ 12.7 ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ገደማ። የሊቲየም ባትሪ ቮልት እስኪያልቅ ድረስ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ በዚህ መንገድ አይታወቅም።

እስካሁን ያወራነው ከመብራት መስመር ውጭ ስላለ ቤት ነው። አሜሪካ ያላችሁ፣ ቤታችሁ ከመስመሩ ጋር የተያያዘ ግን፣ የስልክ አፕ አላችሁ፤ እንደ ኤንፌዝ ያለ ማይክሮ ኢንቨርተር የተገጠመለት ጣሪያ የእያንዳንዱን ፓናል ምርት ለየብቻ ሊያሳይ ይችላል። አፑ ባዶ ሲሆን ግን ምርቱ ቆመ ማለት ላይሆን ይችላል፤ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ተቀይሮ ይሆናል። የመብራት ሂሳቡ መጨመርም ስለ ጣሪያው ብቻውን አይናገርም፤ አየር ማቀዝቀዣው ብዙ ሠርቶ ይሆናል። «ሶላር ስላለኝ መብራት ቢጠፋም አይጠፋብኝም» የምትሉም ባትሪ ከሌላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋባችኋል፤ ሥርዓቱ መስመር ላይ የሚሠሩ ሰዎችን እንዳይገድል ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው።

አንድ ደብተር ያዙ። በየማታው የዕለቱን ዋት-ሰዓትና የሰማዩን ሁኔታ፣ በየማለዳው ፀሐይ ሳትወጣ የባትሪውን ቮልት፣ ያጠባችሁበትንም ቀን ጻፉበት። ፓናሉ ታጥቦ፣ ጥላ ሳይነካው፣ በጠራ ቀትር አምፔሩ ከተጻፈው ሦስት አራተኛ በታች ከሆነ፣ ወይም መስታወቱ ተሰንጥቆ፣ ሴሉ ላይ ቡናማ የተቃጠለ ነጥብ ወጥቶ፣ ጀርባው ያለው ጥቁር ሳጥን ቀልጦ ካያችሁ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ፓናሉ ታሟል። ደረሰኙን፣ የዋስትና ወረቀቱንና ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ሸጠላችሁ ሂዱ።