«ኢንተርናሽናል» ማለት ምን ማለት ነው? የናጉሩ ተማሪዎች የትምህርት ቀንና የእኛ የካምፕ ክፍል

ናጉሩ ከካምፓላ ኮረብታዎች አንዱ ነው። ላይኛው ክፍሉ ባለ ትልልቅ ግቢ ቤቶች የበዙበት ሲሆን ታችኛው ደግሞ ጎን ለጎን የተጠጋጉ የድሃ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ነው። ካምፕ ውስጥ ያለን ሰዎች ይህን አካባቢ ብዙውን ጊዜ የምናውቀው በስልክ ነው። ካምፓላ የገባ ዘመድ ይደውልና «እገሌ እኮ ልጁን ኢንተርናሽናል አስገባው» ይላል። ያን ቀን ማታ እናትና አባት እንቅልፍ የላቸውም። «የእኛ ልጅ እዚህ አቧራ ላይ ቀረ» ብለው ያዝናሉ። አንዳንዱ ውጭ አገር ላለው ወንድሙ ይደውላል፣ አንዳንዱ ይበደራል።

እኔ በካምፕ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ወላጆች ይህን ጉዳይ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ዛሬ በዝርዝር ላስረዳ ብያለሁ። ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ምንድን ነው? ተማሪው ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ ይውላል? ከዚያ ውስጥ በገንዘብ ብቻ የሚገኘው የቱ ነው? ያለ ገንዘብ እኛም ልናደርገው የምንችለውስ? (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከየት መጣ?

በ1924 ጄኔቫ ከተማ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የተከፈተው በዋናነት ለመንግሥታት ማኅበር ሠራተኞች ልጆች ነው። ጃንሆይ በ1936 ሄደው ስለ ኢትዮጵያ አቤት ያሉበት ማኅበር ማለት ነው። የእነዚህ ሠራተኞች ልጆች ችግር ምን መሰላችሁ? ወላጆቻቸው ከአገር አገር ይዘዋወራሉ፤ ልጁ አንድ አገር ጀምሮ ሌላ አገር ይጨርሳል፤ የያዘውን ወረቀት የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ግን አይታወቅም። ይህን ችግር ለመፍታት በ1968 እዚያው ጄኔቫ ውስጥ ኢንተርናሽናል ባካሎሬት፣ ባጭሩ አይቢ የሚባለው ድርጅት ተመሠረተ። ከእንግሊዝ በኩል ደግሞ ካምብሪጅ በ1988 አይጂሲኤስኢ የሚባለውን ፈተና ጀመረ።

ስለዚህ ኢንተርናሽናል ትምህርት የተፈጠረው አገሩን ለቆ ለሚንቀሳቀስ ልጅ ነው። ልክ እንደኛ ልጆች። ልዩነቱ የእነሱ ወላጆች የተንቀሳቀሱት በደመወዝና በአውሮፕላን ትኬት መሆኑ ነው።

እኛም አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ሊሴ ገብረ ማርያም ከ1947፣ አይሲኤስ የሚባለው ትምህርት ቤት ደግሞ ከ1964 ጀምሮ አሉ። ካምፓላ ውስጥ የዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት ሲባል ስማቸው ከሚነሳው አንዱ ኪሱ ነው። የሚገኘው ናጉሩ አጠገብ ባለው ቡኮቶ ነው። በ1993 ካቢራ ኢንተርናሽናል ስኩል ተብሎ የጀመረ ሲሆን በእንግሊዝ ሥርዓተ ትምህርት አስተምሮ በላይኛው ክፍል የአይቢ ዲፕሎማ ይሰጣል። በኢንቴቤ መንገድ ሉቦዋ ያለው አይኤስዩ ደግሞ ከታች ጀምሮ በአይቢ ያስተምራል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ናጉሩ ውስጥ ራሱ ካምፓላ ፓረንትስ ስኩል የሚባል ስመ ጥር የግል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ይህ ግን የሚያስተምረው በዩጋንዳ ሥርዓተ ትምህርት ነው። ልጆቹ 7ኛ ክፍል ሲደርሱ የሚፈተኑት ፒኤልኢ የእኛ የናኪቫሌ ልጆች የሚፈተኑት ያው ፒኤልኢ ነው። ሁለት የግል ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ሰፈር ሆነው የሚሰጡት ወረቀት ግን ይለያያል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን የሚለየው ግቢው ማማሩ ወይም በሩ ላይ የተጻፈው ስም አይደለም። የሚለየው ልጁ በመጨረሻ የሚቀመጥበት ፈተና ነው።

ተማሪው ምን ሲሠራ ይውላል?

በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ ትምህርቱ የሚጀምረው ከጥያቄ ነው። እንዲህ አስቡት። መምህሯ ሰሌዳ ላይ «የምንጠጣው ውኃ ከየት ይመጣል?» ብላ ትጽፋለች። ልጆቹ መጀመሪያ የሚያውቁትን ይናገራሉ። ከዚያ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ውኃ ያጣራሉ፤ በሒሳብ አንድ ቤተሰብ በቀን ስንት ሊትር እንደሚጠቀም ቆጥረው ግራፍ ይሠራሉ፤ በእንግሊዝኛ ለከተማው ውኃ ክፍል ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ በጂኦግራፊ ውኃው ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚመጣበትን መንገድ በካርታ ይስላሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቡድን ቡድን ሆነው ክፍሉ ፊት ያቀርባሉ። ጓደኞቻቸው ይጠይቃሉ፣ እነሱ ይመልሳሉ።

ከሰዓት በኋላ ክበብ አለ፦ ድራማ፣ ሙዚቃ፣ እግር ኳስ፣ ዋና፣ ክርክር፣ አትክልት። ተማሪዎቹ «ሀውስ» በሚባሉ ቡድኖች ተከፍለው በስፖርትም በትምህርትም ይወዳደራሉ። ትልቁ ከትንሹ ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ስለሚሆን ታላቁ ታናሹን መርዳት ይለምዳል።

ላይኛው ክፍል ሲደርሱ ሥራው ይከብዳል። የአይቢ ዲፕሎማ ሁለት ዓመት ነው። ተማሪው ስድስት ትምህርት ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ከ7 ይታረማል፤ ከሌሎች ሥራዎች የሚገኝ 3 ነጥብ ሲጨመር ጠቅላላው 45 ይሆናል። ራሱ በመረጠው ርዕስ እስከ 4,000 ቃል የሚደርስ ጥናት ይጽፋል። ከዚህ ሌላ ካስ የሚባል ነገር አለ፤ ፈጠራ፣ የአካል እንቅስቃሴና ለሌላ ሰው የሚደረግ አገልግሎት ማለት ነው። የሚገርመው፣ ካስ አንድም ነጥብ አያስገኝም። ያላሟላ ተማሪ ግን ሌላውን ሁሉ ቢያልፍም ዲፕሎማውን አያገኝም።

እኛን በተለይ የሚመለከተን አንድ ነገር ልጨምር። በአይቢ ተማሪው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን እንዲጥል አይገደድም። ትምህርት ቤቱ በቋንቋው የሚያስተምር መምህር ባይኖረው እንኳ፣ ተማሪው በትምህርት ቤቱ ድጋፍ የራሱን ቋንቋ ሥነ ጽሑፍ በግሉ አጥንቶ የሚፈተንበት መንገድ ተዘጋጅቷል። ብዙ ዶላር የሚከፈልበት ትምህርት ቤት የልጁን የቤት ቋንቋ እንደ ሀብት ሲቆጥረው፣ እኛ ካምፕ ውስጥ «እንግሊዝኛ ይበላሽበታል» ብለን አማርኛ ማንበብ የምንከለክል ወላጆች አለን። አይበላሽም። በአንዱ ቋንቋ ማንበብ የቻለ ልጅ ሁለተኛውን ሲማር የሚቀረው አዲሱን ፊደልና አዲሱን ቃል መልመድ ነው፤ ማንበብ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ገብቶታል።

«ይሄ ጨዋታ ነው እንጂ ትምህርት ነው?»

ይህን የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። እኛ ያደግነው ከሰሌዳ ገልብጠን፣ ሸምድደን፣ ተፈትነን ነው። ግን የራሳችንን የቆየ ትምህርት ቤት እንይ። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ ብቻ አይመረቅም። ራሱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ማቅረብ አለበት፤ የሌላውን ደግሞ ቢያቀርብ ተቀባይነት የለውም። ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል። ቤት ውስጥም «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እያልን ያደግነው በጥያቄ ነው። ስለዚህ መጠየቅ፣ የራስን ሥራ መሥራትና ቆሞ ማስረዳት ከፈረንጅ የመጣ ቅንጦት አይደለም።

አሁን ደግሞ ጉዳዩ የውጤት ጉዳይ ሆኗል። ዩጋንዳ በ2020 ለታችኛው ሁለተኛ ደረጃ፣ ማለትም ከሲኒየር 1 እስከ ሲኒየር 4፣ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ጀምራለች። በዚህ ሥርዓት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ዩሲኢን የተፈተኑት በ2024 ነው። ከውጤቱ 80 በመቶው በመጨረሻው ፈተና ሲሆን 20 በመቶው ተማሪው ትምህርት ቤት ውስጥ በሚሠራው ሥራ ነው። የፕሮጀክት ሥራም አለበት። ሳሙና መሥራት፣ ጓሮ ማልማት፣ ሰፈሩን አጥንቶ ሪፖርት መጻፍ የዚህ አካል ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ልጃችሁ «ለፕሮጀክት ከጓደኞቼ ጋር መሄድ አለብኝ» ሲል «ውኃ ቅዳ፣ ጨዋታህን ተው» ብላችሁ ስታስቀሩት፣ ከ20ው ላይ እየቀነሳችሁበት ሊሆን ይችላል። ከካምፕ ወደ ካምፓላ ወይም ወደ ሌላ ሰፈራ ስትዛወሩም የልጁ የተመዘገበ ውጤት አብሮት መዛወሩን ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ። ልጁ ሄዶ ውጤቱ ቢቀር ጉዳቱ የልጁ ነው።

ካምፕ ውስጥ ምን ማድረግ እንችላለን?

የማንችለውን በግልጽ ልናገር። መዋኛ ገንዳ፣ ቤተ ሙከራና በአንድ ክፍል ሃያ ሰው የሚባለው ነገር የገንዘብ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ከመቶ ያላነሱ ልጆች አሉ። መቶ ልጅ በአንድ ቀን ተራ በተራ ቆሞ ሊያቀርብ አይችልም።

የምንችለው ግን ትንሽ አይደለም። እኔና ባልደረቦቼ ከሞከርነው የሠራልንን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ከአካባቢው ጥያቄ መጀመር። የውኃውን ትምህርት በጄሪካን አስተምረነዋል። ልጆቹ ቤታቸው በቀን ስንት ጄሪካን እንደሚቀዳ፣ ወረፋው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለአንድ ሳምንት መዘገቡ። አንዱ ጄሪካን 20 ሊትር ነው፤ ማባዛቱም፣ ማካፈሉም፣ ግራፉም ከዚያው ወጣ። ያወጣነው ወጪ የለም።

ሁለተኛ፣ ክፍሉን በቡድን መክፈል። በየቡድኑ አንድ አማርኛ፣ አንድ ስዋሂሊ፣ አንድ ኪኛሩዋንዳ የሚችል ካለ እርስ በርስ ይተረጉማሉ። በየቀኑ አንድ ቡድን ብቻ ያቀርባል።

ሦስተኛ፣ ክበብ። አገር ቤት ሚኒ ሚዲያ ነበረን፤ በሰልፍ ላይ ዜና የሚያነብ ልጅ እናውቃለን። ማይክ ባይኖርም ድምፅ አለ። ሒሳብ ለሚከብዳቸው ደግሞ ገበጣ ጥሩ ነው። መሬት ተቆፍሮ በጠጠር ይጫወቱታል።

አራተኛ፣ አገልግሎት። 6ኛ ክፍል ያለ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን የ1ኛ ክፍል ልጆችን ፊደል ያስጠናል። ካስ የሚባለው ይኸው ነው፣ ስሙ ብቻ ይለያያል።

ወላጆችስ? ቤት ውስጥ ልጁ የሠራውን ሁሉ በአንድ ደብተር ወይም ፌስታል ውስጥ አስቀምጡለት። «ስንት አገኘህ?» ከማለት በፊት «ዛሬ ምን ጠየቅህ?» በሉት።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

እውነተኛ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር ያስከፍላል። በርካሽ «ኢንተርናሽናል» ነኝ የሚል ካገኛችሁ የግድ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ግን አራት ጥያቄ ጠይቁ። ልጁ በመጨረሻ የሚፈተነው የማንን ፈተና ነው፤ የዩጋንዳውን ዩኔብ፣ ካምብሪጅን ወይስ አይቢን? ትምህርት ቤቱ ራሱ የተመዘገበ የፈተና ጣቢያ ነው ወይስ ልጁን ሌላ ቦታ ወስዶ ያስፈትናል? ከክፍያው ውጪ የፈተና፣ የመጽሐፍ፣ የትራንስፖርት ተብሎ ምን ይጨመራል? በመሃል ገንዘብ ቢያልቅብን ልጁ የትኛው ክፍል መግባት ይችላል? የመጨረሻው ጥያቄ ትልቁ ነው። ሁለት ዓመት በአንድ ሥርዓት ተምሮ በገንዘብ እጦት ወደ ሌላው የሚመለስ ልጅ ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል።

በሌላ በኩል በዩጋንዳ የ2006 የስደተኞች ሕግ መሠረት የስደተኛ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከዜጋው ልጅ እኩል መብት አለው። የዩኒፎርም፣ የምሳና የመሳሰለው ወጪ እንዳለ አውቃለሁ። ቢሆንም ይህ መንገድ ክፍት ነው።

ጎበዝ ልጅ ላላችሁ ደግሞ ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅስ የሚባሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። የመጀመሪያው በ1962 ዌልስ ውስጥ ተከፈተ፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ ታንዛኒያ ውስጥ አላቸው። የአይቢ ዲፕሎማ ያስተምራሉ፤ ለስደተኛ ተማሪዎችም ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። ከ12ኛ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ ስደተኞች ዳፊ የሚባለው በጀርመን መንግሥት የተጀመረ ስኮላርሺፕ ከ1992 ጀምሮ አለ። ማስታወቂያው ሲወጣ ካምፑ ውስጥ ያለውን የትምህርት ቢሮ ጠይቁ። «ስሙን አስገባላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላ አንድ ሺህ ሺሊንግ እንኳ አትስጡ። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት በነፃ ነው።

እነዚህ ስኮላርሺፖች ከማርክ ሌላ ተማሪው ለሰፈሩ ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳነበበ፣ ምን እንደሚያስብ ይጠይቃሉ። 1ኛ ክፍል ያስጠናች ልጅ፣ የጄሪካን ወረፋ የመዘገበ ልጅ መልስ አላቸው። ናጉሩ ያለው ልጅ በዶላር የሚያገኘውን ሁሉ ልንሰጣቸው አንችልም። ይህን ግን ልንሰጣቸው እንችላለን፤ ተርሙ ሳያልቅ እንጀምረው።

ቸር ሰንብቱ።