ጨው ንጥረ ነገር ነው፣ ውህድ ወይስ ድብልቅ?

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ገበያ ጨው የማይሸጥበት ቀን የለም። ክትፎው፣ ጎመኑና አይቡ ያለ ጨው አይሆኑም፤ በየገጠሩ ቡናን እንኳ በጨው የሚጠጣ ብዙ ነው። ተማሪዎች በበኩላቸው «ንጥረ ነገር፣ ውህድ፣ ድብልቅ» የሚለውን ክፍፍል ለፈተና ያህል አጥንተው ወዲያው ይረሱታል። በዚህ ጽሑፋችን ክፍፍሉ በአንዲት ማንኪያ ጨው ውስጥ እንዴት ተሟልቶ እንደሚገኝ፣ ልዩነቱን አለማወቅም የሕፃናትን ጤንነት እስከ መጉዳት እንደሚደርስ ለማሳየት እንሞክራለን።

ነጥሮ የቀረ ነገር

እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ፣ አንጥረኛም ወርቅ ሲያነጥር የማይፈለገውን አስወግደው ጥሩውን ያስቀራሉ። «ንጥረ ነገር» የሚለው ስያሜ የተገኘውም ከዚሁ ግሥ ነው። በኬሚስትሪ ንጥረ ነገር የሚባለው ከአንድ ዓይነት አቶሞች ብቻ የተሠራና በኬሚካዊ ዘዴ ከዚያ ወደ ቀለለ ነገር ሊከፋፈል የማይችል ነው። ወርቅ፣ መዳብ፣ ኦክሲጅን፣ ሶዲየም፣ ክሎሪንና አዮዲን ንጥረ ነገሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ስያሜው ሊያሳስተን አይገባም። በክትፎ ላይ የሚፈሰው ንጥር ቅቤ የቱንም ያህል ቢነጠር የልዩ ልዩ ቅባቶች ድብልቅ እንጂ ንጥረ ነገር አይደለም።

ከሁለት አደገኞች የተወለደ ማጣፈጫ

ሶዲየም በቢላዋ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ሲሆን ውሃ ሲነካው ሃይድሮጅን እያስወጣና እየጋለ በኃይል ይንቀሳቀሳል። ስለዚህም በቤተ ሙከራ የሚቀመጠው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ክሎሪን ደግሞ አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ መርዛማ ጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጅየም ውስጥ በኢፕር ግንባር ወታደሮችን ለመግደል አገልግሏል።

እነዚህ ሁለት ንጥረ ነገሮች ሲዋሃዱ ግን ሶዲየም ክሎራይድን፣ ማለትም የገበታ ጨውን ይሰጡናል። ውህድ ማለት ይህ ነው፤ ንጥረ ነገሮቹ በኬሚካዊ ትስስር ተሳስረው የቀድሞ ጠባያቸውን የሚተዉበትና አዲስ ጠባይ ያለው ነገር የሚፈጠርበት ነው። መጠናቸውም የተወሰነ ነው። ከየትም የመጣ 100 ግራም ንጹሕ ሶዲየም ክሎራይድ ዘወትር 39.3 ግራም ሶዲየምና 60.7 ግራም ክሎሪን ይኖረዋል። ይህን ምጥጥን ነጋዴም ሆነ ፋብሪካ ሊለውጠው አይችልም፤ ጠባቂው ተፈጥሮ ራሱ ነው። ሁለቱን መልሶ መለያየትም በወንፊት ወይም በማፍላት አይቻልም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1807 ሶዲየምን ከውህዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጥሎ ያወጣው በኤሌክትሪክ ኃይል ነበር።

ድብልቅና ጠባዩ

ክትፎ የተከተፈ ሥጋ፣ ንጥር ቅቤና ሚጥሚጣ ነው። አንዱ ቤት ሚጥሚጣ ያበዛል፣ ሌላው ይቀንሳል፤ ሁለቱም ክትፎ ይባላል። የድብልቅ ዋነኛ ጠባይ ይህ ነው። የተደባለቁት ነገሮች የየራሳቸውን ጠባይ እንደያዙ ይቆያሉ፣ መጠናቸው የተወሰነ አይደለም፣ በማጣራት፣ በማንጓለል ወይም በማትነን የመሳሰሉ ፊዚካዊ ዘዴዎችም ሊለያዩ ይችላሉ። የአገራችን ጨው ራሱ የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው። በአፋር ክልል በአፍዴራ ሐይቅ ጨዋማው ውሃ በገንዳ ተዘርግቶ ፀሐይ ውሃውን ስታተነው ጨው ይቀራል። ትነቱ ውሃንና ጨውን ይለያያል እንጂ ሶዲየምንና ክሎሪንን አይለያይም።

እንግዲህ ከገበያ የምንገዛው አዮዲን ያለበት ጨው ከየትኛው ወገን ነው? መልሱ ድብልቅ ነው። ሶዲየም ክሎራይድ የተባለው ውህድ ፖታሲየም አዮዴት ከተባለ ሌላ ውህድ ጋር ተደባልቋል። አዮዲን በንጥረ ነገርነቱ ወደ ጥቁር የሚያደላና ሐምራዊ ትነት የሚያወጣ ጠጣር ስለሆነ እንዲሁ በጨው ላይ ቢጨመር ተንኖ ይጠፋል። በውህዱ ውስጥ ሲሆን ግን ረጋ ብሎ ይቆያል።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ

በአንገታችን ውስጥ የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ ታይሮክሲን የተባለ ሆርሞን ያመርታል። እያንዳንዱ የታይሮክሲን ሞለኪውል አራት የአዮዲን አቶሞች ያስፈልጉታል። አዮዲን ሲጎድል ዕጢው ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይኸው ነው። ከእብጠቱ የሚብሰው ጉዳት ግን ለዓይን የማይታየው ነው። በእርግዝና ወቅት አዮዲን ያነሳት እናት የምትወልደው ሕፃን የአእምሮ እድገቱ ሊጓደል ይችላል። ዝናብ ለዘመናት አፈሩን ባጠበበት ደጋማ አገር አዮዲን ወደ ባሕር ስለሚወሰድ እህሉም ያንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ከመቶ 40 ያህሉ እንቅርት እንደነበረባቸው አሳይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ 15 ያህል በሚሆኑ ቤተሰቦች ዘንድ ብቻ ነበር፤ በ2016 ግን ወደ 89 ከመቶ ደረሰ። ታላቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን አዮዲን «አለ» ማለትና «በቂ አለ» ማለት የተለያዩ ናቸው። በውህድ ውስጥ ያለውን ምጥጥን ተፈጥሮ ይጠብቀዋል፤ በድብልቅ ውስጥ ያለውን ግን የሰው እጅ ነው የሚጠብቀው።

ስሌቱን እንመልከት። በአንድ ኪሎ ግራም ጨው ውስጥ 30 ሚሊ ግራም አዮዲን ቢኖር፣ በቀን 5 ግራም ጨው የሚመገብ ሰው 150 ማይክሮ ግራም ያገኛል። ይህም ለአዋቂ ሰው የሚመከረው የቀን መጠን ነው። አዮዲን እንዳነሰን ብለን ጨው ማብዛት የደም ግፊትን ስለሚጋብዝ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ ይሆናል። መፍትሔው ጨው ማብዛት ሳይሆን ድብልቁን መጠበቅ ነው። ጨው በክፍት ጆንያ፣ በእርጥበትና በፀሐይ ከተቀመጠ፣ ወይም ቆሻሻው ይውጣ ተብሎ ከታጠበ፣ በውሃ የሚሟሟው ፖታሲየም አዮዴት አብሮ ይሄዳል። ጨውን በተከደነ ደረቅ ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ጠቃሚ ነው።

በቤተ ሙከራችሁ ሞክሩት

በወልቂጤና በቡታጅራ ለምትገኙ ተማሪዎች አንድ ሥራ እንተውላችኋለን። ከመምህራችሁ ጋር ሆናችሁ፣ በተከደነ ዕቃ ከተቀመጠና ከክፍት ጆንያ ከተወሰደ ጨው ናሙና ያዙ። በእያንዳንዱ ላይ የስታርች ሟሙት፣ ጥቂት ፖታሲየም አዮዳይድና ቀጠን ያለ አሲድ ጠብ አድርጉ። አዮዴቱና አዮዳይዱ በአሲዱ ውስጥ ተጸግብረው አዮዲን በንጥረ ነገርነቱ ይወጣል፤ ስታርቹን ሲያገኝም ሰማያዊ ቀለም ይፈጥራል። ቀለሙ ከሳሳ ወይም ጨርሶ ካልታየ ድብልቁ ጎድሎበታል ማለት ነው። ያገኛችሁትን ውጤት ለክፍል ጓደኞቻችሁ ብቻ ሳይሆን በቤታችሁ ወጥ ለሚሠሩትና በገበያ ጨው ለሚሸጡትም ንገሩ።