ጫጩቷ ስታስነጥስ

ከገበያ የተገዙ የ45 ቀን ጫጩቶች ግቢ በገቡ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ማስነጠስ ሲጀምሩ ብዙ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። የሰው ቴትራሳይክሊን ተከፍቶ የሚጠጡት ውሃ ላይ ይበተናል። ጎረቤት ደግሞ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ፣ ሎሚ ጠብ አድርጋበት ትመጣለች። ሳምንት ሳይሞላ ግማሾቹ ድነው ግማሾቹ ሲሞቱ፣ የዳኑት በመድኃኒቱ ዳኑ፣ የሞቱት ደግሞ ስለዘገየባቸው ሞቱ ይባላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ትክክል አይደለም።

ነገሩን ለመረዳት መጀመሪያ የዶሮን አተነፋፈስ ማወቅ ያስፈልጋል። የሰው ሳንባ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፤ ከሥሩ ያለው ድያፍራም የሚባል ጡንቻ ያንቀሳቅሰዋል። ዶሮ እንዲህ ያለ ጡንቻ የላትም። ሳንባዋ ከጎድን አጥንቶቿ ጋር ተጣብቆ የተቀመጠና እምብዛም የማይለጠጥ ነው። አየሩን የሚገፉላት ከአንገቷ ሥር እስከ ሆዷ የተዘረጉ ዘጠኝ ያህል ስስ የአየር ከረጢቶች ናቸው፤ እንደ አንጥረኛ ወናፍ እየተነፉና እየሟሸሹ አየሩን በሳንባዋ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ያሳልፉታል። ለበራሪ ፍጥረት ድንቅ አሠራር ነው፤ ከእኛ ይልቅ ብዙ ኦክስጅን ከአየሩ ይወስድላታል። ችግሩ አቧራውም፣ የሻጋታው ዘርም፣ ጀርሙም በዚያው መንገድ ወደ ከረጢቶቹ መዝለቁ ነው። ከረጢቶቹ ደግሞ የደም ሥር እምብዛም ስለሌላቸው የሰውነት መከላከያም ሆነ የተዋጠ መድኃኒት በቀላሉ አይደርሳቸውም። የታመመች ጫጩት ስትይዙ ደረቷን ጨብጣችሁ አትያዙ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ደረቷ መንቀሳቀስ ካልቻለ መተንፈስ አትችልም።

በአየር ቧንቧዋ ግድግዳ ላይ ደግሞ አቧራና ንፍጥ እየጠረጉ ወደ ላይ የሚያወጡ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። እነዚህን ከሚያበላሹት ነገሮች ዋነኛው ከእርጥብ ኩስ የሚነሳው አሞኒያ ነው። በአየሩ ውስጥ ከሚሊዮን 25 እጅ ሲደርስ ጠራጊዎቹ ሥራቸውን መተው ይጀምራሉ፤ ከዚያ በኋላ በሌላ ጊዜ ምንም የማያደርጋት ጀርም እንኳ ያሸንፋታል። ቆመው በሩ ላይ ሲያሸቱ ቤቱ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ጫጩቷ የምትተነፍሰው ግን ከጉዝጓዙ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ ያለውን አየር ነው። ስለዚህ ቁጢጥ ብለው፣ አፍንጫዎን ወደ ጉዝጓዙ አስጠግተው ያሽትቱ። ዓይንዎን ካቃጠለዎት እነሱንም እያቃጠላቸው ነው።

ጉዝጓዙ ራሱም ሌላ መዘዝ አለው። ከእንጨት ቤት በነፃ የሚገኝ ሰጋቱራ ወይም ዝናብ የነካው ጭድ ሻጋታ ይይዛል። አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ ዘሩን በአየር ይበትናል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሉ ጫጩቶች ይህን ሲስቡ በሳንባቸውና በከረጢቶቻቸው ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያበቅልባቸዋል። አፋቸውን ከፍተው፣ አንገታቸውን ዘርግተው ያለከልካሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን የኽርኽርታ ድምፅ አይሰማም። ለዚህ በሽታ በግቢ ደረጃ የሚረባ መድኃኒት የለም። ጉዝጓዙን ጠርጎ አውጥቶ በደረቅ መተካት፣ የቀሩትን ማትረፍ ነው።

ሙቀቱም እንዲሁ። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ዛሬ ገበያ የሞላው ኤልኢዲ አምፖል ብርሃን እንጂ ሙቀት የለውም፤ «አምፖል አብርቼላቸዋለሁ» የሚል ሰው ጫጩቶቹ ጥግ ላይ ተደራርበው ካገኛቸው ምክንያቱ ይኸው ነው። ከሰል የሚያቀጣጥሉት ደግሞ በደንብ ቢፋምም እንኳ አየር መውጫ ከሌለው ጋዙ ራሱ ገዳይ ነው። ብርዱን ፈርቶ ቤቱን በፕላስቲክ ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ሳንባቸውን ይጎዳል፤ ከላይ አየር የሚያስወጣ፣ ከታች ነፋስ የማያስገባ ቤት ነው የሚያስፈልገው።

እዚህ ድረስ ስለ ጀርሞቹ በዝርዝር ሳናነሳ መጣን። ከጀርሞቹ በጣም የሚፈራው ፈንግል ነው፤ በሳይንስ ስሙ የኒውካስል በሽታ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1926 እ.ኤ.አ. ግድም ከታየባት ከእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ ነው። በአገራችን ክረምቱ ሲቃረብ በተለይ ይበረታል። በማስነጠስና በማለክለክ ይጀምርና አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የክንፍና የእግር ሽባነት፣ የአንገት መጠምዘዝ ይከተላል። ካልተከተበ መንጋ አንድም ላያስቀር ይችላል። ቫይረስ ስለሆነ ቴትራሳይክሊን አይነካውም፤ ሌላም መድኃኒት የለውም።

ሁለተኛው ቫይረስ ብሮንካይተስ የሚያስከትለው ነው። ኮሮና ቫይረስ የሚለው ስም ለዓለም ሁሉ ሳይዳረስ፣ ገና በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የታወቀ የዶሮ ኮሮና ቫይረስ ነው፤ ሰውን አይዝም። ክፋቱ ቆይቶ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የያዛት ሴት ጫጩት ብትድንም የእንቁላል ቱቦዋ ሊበላሽ ይችላል። አድጋ ቄብ ትሆናለች፣ ጉትያዋ ይቀላል፣ ጎጆ ውስጥ ትቀመጣለች፤ እንቁላል ግን አትጥልም። ባለቤቷ ወራት ሙሉ መኖ ከፍሎባት ምክንያቱን ሳያውቅ ያርዳታል።

አንቲባዮቲክ በእርግጥ የሚረዳው እንደ ማይኮፕላዝማ ባሉት ላይ ነው። ዓይኗ አረፋ የሚደፍቅ፣ ፊቷ ያበጠ፣ ማታ ቆጥ ላይ ኽር ኽር የምትል ጫጩት ካለች ይህ ይጠረጠራል። ከእናት ወደ እንቁላል ስለሚተላለፍ ጫጩቷ ከነበሽታዋ ተፈልፍላ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ በከንቱ ይፈሳል። አሞክሳሲሊንና አምፒሲሊን የሚገድሉት የባክቴሪያውን ግድግዳ አፍርሰው ነው፤ ማይኮፕላዝማ ደግሞ ከነጭራሹ ግድግዳ የለውም። የሚሠሩት እንደ ታይሎሲንና ኦክሲቴትራሳይክሊን ያሉት ናቸው። ኦክሲቴትራሳይክሊንን «ይጠነክራል» ብሎ በወተት ወይም በአጓት መስጠት ደግሞ መድኃኒቱን ማባከን ነው፤ ካልሲየሙ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክለዋል። በትክክል ቢሰጥም ምልክቱ ይጠፋል እንጂ ዶሮዋ ጀርሙን ተሸክማ ትኖራለች፤ ስለዚህ ለእርባታ ባትቀር ይሻላል። መጠኑንና የቀኑን ብዛት ሐኪም ይወስን። ከመድኃኒቱ በኋላ ሥጋውም ሆነ እንቁላሉ ሳይበላ የሚቆይበት ጊዜ አለ፤ ለበዓል ልታረድ ሳምንት የቀራትን ዶሮ መድኃኒት መሙላት ቤተሰብን መመገብ አይደለም።

ጉንፋን መስለው ጉንፋን ያልሆኑም አሉ። ግቢውን እየጫረች የምታድግ ጫጩት የምድር ትል በልታ በአየር ቧንቧዋ ውስጥ የሚኖር ቀይ ትል ሊይዛት ይችላል፤ ወንዱና ሴቴው ዕድሜ ልካቸውን ተጣብቀው ስለሚኖሩ ሹካ ይመስላሉ። እየደጋገመች አንገቷን ዘርግታ አፏን የምትከፍተው ስለታፈነች ነው፤ የሚያድናትም የትል መድኃኒት ነው። በነጭ በቆሎ ብቻ ያደጉት ደግሞ ቫይታሚን ኤ አጥሯቸው ዓይናቸው ያብጣል፣ ከአፍንጫቸው ፈሳሽ ይወጣል። እነዚህ ጎመን ወይም አልፋልፋ ተከትፎ ቢሰጣቸው፣ ብዙ ሳይጎዱ ከተደረሰባቸው ይሻላቸዋል። ፌጦውና ነጭ ሽንኩርቱ ጉዳት የለበትም፤ ሐኪም ጋ የሚሄዱበትን ሁለት ቀን ካልበላ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምታስነጥሰዋን ለይቶ ሞቃትና ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይቅደም፤ ጤነኞቹን መግቦ ሳይጨርሱ ወደ እሷ መሄድ አይገባም። ዓይኗ የተጣበቀባት ጫጩት ብዙ ጊዜ የምትሞተው በበሽታው ሳይሆን ውሃውን ማየት አቅቷት በጥም ነው፤ ስለዚህ በግማሽ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ዓይኗን በንጹሕ ጨርቅ ማጠብ፣ ምንቃሯን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነከር እያደረጉ ማጠጣት ከብዙ እንክብል ይበልጣል። የሞተች ካለች አትጣሉ፤ ሐኪሙ ከፍቶ ቢያያት ለቀሩት የሚሆነውን ያውቃል።

ለፈንግል ግን መላው ክትባት ብቻ ነው። ቢሾፍቱ ያለው የመንግሥት የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ኤችቢ1 እና ላሶታ የሚባሉትን ያመርታል፤ የመጀመሪያው በዓይን ጠብታ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ዕድሜ ይሰጣል፤ በኋላም ይደገማል። ሙቀት የሚቋቋመው፣ መነሻው የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሥራ የሆነው አይ-2 ደግሞ ማቀዝቀዣ ለሌለበት ገጠር የተሻለ ነው። ክትባት ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ ከተበጠበጠ ይሞታል። ላሶታ ከተሰጠ በኋላ ለጥቂት ቀናት ቀለል ያለ ማስነጠስ ቢታይ አትደንግጡ፤ ክትባቱ እየሠራ ነው።

ጫጩት ስትገዙ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ምን ክትባት በስንት ቀናቸው እንደወሰዱ። ካላወቀ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። የገዛችኋቸውንም ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀላችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት ለብቻ አቆዩ። በግቢያችሁ ወይም በጎረቤት ዶሮዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ በተከታታይ መሞት ከጀመሩ የቀሩትን ወደ ገበያ አታውጡ፤ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በዚያው ቀን ንገሩ።