ዐሥረኛው ሰው፦ ስለ ባር ሚጽቫና ስለ ጉዞው

በአይሁድ ሕግ ወንድ ልጅ 13 ዓመት ሞልቶት አንድ ቀን ያለፈው እንደ ሆነ፣ ማንም እጁን ሳይጭንበት፣ ማንም ቅባት ሳይቀባው፣ ድግስም ሳይደገስለት፣ የልደቱ ቀን ብቻ ምስክር ሆኖት የትእዛዛት ሁሉ ባለ ዕዳ ይሆናል። እስከዚያች ዕለት ድረስ ሰንበት ቢሽር ወይም ጾም ቢገድፍ ጥፋቱ በአባቱ ላይ ይቈጠር የነበረው ብላቴና፣ ከዚያች ዕለት ወዲያ ስለ ሥራው ተጠያቂው ራሱ ነው፤ አባትየውም በጉባኤው መካከል ቆሞ ከልጁ ዕዳ ነጻ ላወጣው አምላክ አጭር ምስጋና ያቀርባል። ይህን መዓርግ «ባር ሚጽቫ» ይሉታል፤ የትእዛዝ ልጅ ማለት ነው። ልጃገረዶች ለዚሁ መዓርግ በ12 ዓመታቸው ይበቃሉ፤ ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ለእነርሱ በአደባባይ መፈጸም የጀመረው በቅርቡ ሲሆን፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የሚባለው በኒው ዮርክ በ1922 የተደረገው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

እንግዲህ ልጁን ለዐቅመ ሕግ የሚያደርሰው ዕድሜው ነው፤ ሥርዓቱ ይህንኑ በሕዝብ ፊት ይገልጣል። ኦሪት በሚነበብበት ጊዜ በስሙና በአባቱ ስም ተጠርቶ ወደ ንባቡ ሰገነት ይወጣል፤ ከዚህም በላይ፣ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ነገር፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ በቍጥር ይገባል። የአይሁድ የማኅበር ጸሎት 10 አዋቂዎች ካልተሟሉ በምሉዕ ሥርዓቱ አይደረግምና፣ ይህን ምልአተ ጉባኤ «ምንያን» ይሉታል፤ በጥንቱ ወግ የሚቈጠሩት ወንዶች ብቻ ሲሆኑ፣ ከአዲሶቹ ማኅበራት ብዙዎቹ ሴቶችንም ይቈጥራሉ። ዘጠኝ ሊቃውንት ብቻ ቢሰበሰቡ ኦሪቱ ከማኅደሩ ወጥቶ በጉባኤ አይነበብም፣ ሐዘንተኞች ስለ ሙታናቸው የሚሉት ቃዲሽም አይባልም፤ ትናንት ከረሜላ ይለምን የነበረ የ13 ዓመት ልጅ ዐሥረኛ ሆኖ ቢገባ ግን ሁሉም ይፈቀዳል።

ሕጉ ለዚህ ሥርዓት ቦታ አልወሰነለትም፤ የሰፈር ምኵራብ ይበቃዋል። ሆኖም ብዙ ቤተ ሰቦች፣ ይልቁንም ከአሜሪካና ከእንግሊዝ፣ የአዳራሹን ድግስ ትተው ወይም አሳንሰው፣ ልጃቸውን ይዘው አያት ቅድመ አያት ወደ ኖሩበት አገር መሻገርን ልማድ አድርገውታል። አብዛኞቹ ኢየሩሳሌም ይወጣሉ፤ ኦሪት ከሰንበት ሌላ ሰኞና ሐሙስ ማለዳም ስለሚነበብ፣ በሰንበት ደግሞ መኪና መሳፈርና ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ስለ ሆነ፣ በእነዚህ ሁለት ቀናት የምዕራቡ ግንብ ሥር በከበሮና በእልልታ ይናወጣል፣ እናቶችም ወንዶችንና ሴቶችን ከሚለየው አጥር ባሻገር ከረሜላ ይበትናሉ። ሌሎች ወደ ማሳዳ አምባ ይሄዳሉ፤ በ1963 የተጀመረው ቍፋሮ የጥንት ምኵራብ አውጥቶበታልና። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ግን ብዙ ተወርቶለታል። እኔ ላስተዋውቅ የምፈልገው ወደ ቦሔሚያና ወደ ሞራቪያ፣ ማለት ወደ ዛሬዋ ቼክ አገር የሚደረገውን ጭምት ጉዞ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1942 ነው። ናዚዎች የእነዚያን ክፍላተ ሀገር አይሁድ ወደ ሞት በሚያግዙበት ወራት፣ በየከተማው ባዶ የቀሩት ምኵራቦች ንዋያተ ቅድሳት ወደ ፕራግ የአይሁድ ቤተ መዘክር እንዲላኩ ተደረገ፤ ዕቃውን ተቀብለው የእያንዳንዱን ስምና መነሻ ከተማ በጥንቃቄ የመዘገቡት የቤተ መዘክሩ አይሁድ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከእነርሱም የሚበዙት ኋላ ራሳቸው ተግዘው ጠፉ። ከጦርነቱ በኋላ የኦሪቱ ጥቅሎች በፕራግ ዳርቻ ሚኽሌ በሚባል ሰፈር፣ በማይሠራበት ምኵራብ ውስጥ፣ እርጥበት እየበላቸው ተከምረው ቈዩ። የኮሙኒስቱ መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ቢያስፈልገው ሊሸጣቸው ወደደ፤ ራልፍ ያብሎን የተባለ እንግሊዛዊ ባለጸጋ ዋጋውን ከፈለና በ1964 በየካቲት ወር 1,564 ጥቅሎች ሎንዶን ዌስትሚንስተር ምኵራብ ገቡ። ዴቪድ ብራንድ የተባለ ጸሐፌ ኦሪት ከ20 ዓመት በላይ በዚያ ተቀምጦ ፊደል በፊደል ሲጠግናቸው ኖረ፤ የተጠገኑትም ያልተጠገኑትም በልዩ ልዩ አህጉር ላሉ ማኅበራት በውሰት ተሰጡ። ስለዚህ በአሜሪካ አንዲት ከተማ ያለ ልጅ፣ ከዚያ በፊት ስሙን ሰምቶት ከማያውቀው የሞራቪያ መንደር በመጣ ብራና ላይ ባር ሚጽቫውን ያነብባል፤ ቤተ ሰቡም አንድ ቀን ተነሥቶ ያችን መንደር ፍለጋ ይሄዳል።

ንባቡ ቀላል እንዳይመስል። የኦሪት ጥቅል በላባ ብዕር በብራና ላይ የተጻፉ 304,805 ፊደላት ያሉት ሲሆን አናባቢም፣ የዜማ ምልክትም፣ የምዕራፍ ቍጥርም የለበትም፤ የእኛ ደብተራ በድጓው ላይ ከፊደሉ ራስ የሚያገኘውን ምልክት የአይሁድ ብላቴና በቃሉ ይዞ መምጣት አለበት። ስለዚህ የሳምንቱን ክፍል ወራት ፈጅቶ ከታተመ መጽሐፍ ያጠናል፤ በዕለቱም የጸሎት መጐናጸፊያውን ለብሶ፣ በሥራ ቀንም ከሆነ አሽንክታቡን በክንዱና በግንባሩ አስሮ፣ ብራናውን በእጅ መንካት ስለማይገባ ጫፉ እንደ ትንሽ እጅ ተቀርጾ ጠቋሚ ጣቱን በዘረጋ የብር ዘንግ መሥመሩን እየተከተለ ያዜማል። ቢሳሳት አጠገቡ የቆመው አራሚ ወዲያው ይመልሰዋል፤ በዜማ ቤት ያለፈ አንባቢ ይህን ያውቀዋል። ከቦሔሚያና ከሞራቪያ አይሁድ መካከል አንድ የሚያምር ልማድ ነበረ፦ ልጁ ሲገረዝ የተጠቀለለበት ጨርቅ በረጅሙ ተቀድዶ ይሰፋና ስሙና የልደቱ ቀን ይጠለፍበታል፤ ኋላም የኦሪቱ ጥቅል መቀነት ይሆናል።

የእኛው ቤተ እስራኤል ግን የባር ሚጽቫን ሥርዓት ከቀድሞ አያውቁትም ነበር፤ በግእዝ የተጻፈው ኦሪታቸውም የተጠረዘ መጽሐፍ እንጂ ጥቅል አልነበረም። በ1984ና በ1991 በብዛት ወደ እስራኤል ከገቡ ወዲህ ልጆቻቸው እንደ ሌሎቹ ያከብሩታል፤ ከእነርሱም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጎንደር፣ ወደ ወለቃና ወደ አምቦበር ተመልሰው የአያቶቻቸውን መንደር የሚያሳዩ አሉ።

ወደ ቼክ አገር የሚሄዱት በፕራግ ይጀምራሉ፤ በ1270 ገደማ ታንጾ እስከ ዛሬ የሚጸለይበትን «አሮጌ አዲስ» የተባለ ምኵራብ ካዩ በኋላ ወደ ፒንካስ ምኵራብ ይገባሉ፤ በዚያ ግድግዳው ሁሉ በእጅ የተጻፈ ስም ነው፣ ወደ 80,000 የሚጠጋ፣ በየከተማው ተራ ተሰልፎ፣ የቤተ ሰቡ ስም በቀይ ቀለም። በቀይ የቅዱሳንን ስም መጻፍ ለለመደ ለእኛ ዓይን ያ ግድግዳ ከሐውልት ይልቅ የተዘረጋ ብራና ይመስላል። ከዚያ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው፣ ናዚዎች አይሁድን አጉረውበት ወደ ነበረው ወደ ቴሬዚን፣ በመጨረሻም ጥቅሉ ወደ መጣባት ከተማ ይዘልቃሉ። እንደ ትሬቢች ያለችው የአይሁድ ሰፈሯ በ2003 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ ምኵራቧም ተጠብቋል፤ በሌሎቹ ምኵራቡ መጋዘን ሆኗል፣ ወይም የሙዚቃ አዳራሽ፣ ወይም ከነጭራሹ የለም።

የጕዞው ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ ከተሞች ብዙዎቹ ዛሬ 10 አይሁድ ቀርቶ አንድም አይገኝም፤ ስለዚህ ኦሪት ለማንበብ የሚፈልግ ቤተ ሰብ አጐቶችንና የአጐት ልጆችን፣ የአባትን ወዳጆች ሳይቀር አስከትሎ፣ ምልአተ ጉባኤውን ከነጓዙ ይዞ መምጣት አለበት። ዘጠኝ ሆነው ቢመጡ ደግሞ የሚጐድለውን የሚሞላው ያው የተጓዘለት ልጅ ነው፤ ጐረቤት ሆኖ በመስኮት የሚመለከት የከተማው ሰው ምናልባት ከ80 ዓመት በኋላ በዚያ ቤት የሚደረገውን የመጀመሪያ ንባብ ይሰማል። በዚህ ረገድ ጉዞውን የቱሪስት ጨዋታ ነው እያሉ ከሚነቅፉት ጋር አልስማማም፤ ወጪው ከባድ መሆኑ፣ በዚህም ስም የሚነግዱ አስጐብኚዎች መብዛታቸው እውነት ቢሆንም፣ ገንዘቡ በአዳራሽ ጭፈራ ከሚያልቅ ይልቅ ቃዲሽ በተቋረጠበት ቦታ ቃዲሽ ቢባልበት ይሻላል።

ስለ ጥቅሎቹ አንድ ነገር ልጨምር። ጥቅሎቹን በአደራ የያዘው የሎንዶን ማኅበር አንዱንም አይሸጥም፣ በስጦታም አይሰጥም፤ ተዋሹ ማኅበር የተበተነ እንደ ሆነ ጥቅሉ ከነመዝገብ ቍጥሩ ወደ ሎንዶን ይመለሳል።