ሰማይ ላይ «ሲስተም የለም» ሲባል

ባንክ ቤት ተሰልፈን፣ ተራችን ሲደርስ «ሲስተም የለም» መባልን ለምደነዋል። ወንበር ፈልገን እንቀመጣለን፤ አለዚያም ነገ እንመለሳለን። ይኸው ቃል አየር ላይ ሲሰማ ግን ሌላ ነው። ካፒቴኑ «የአየር ትራፊክ ቁጥጥሩ ስለተበላሸ ሌላ ኤርፖርት እናርፋለን» ሲል አንዱ ያማትባል፣ አንዷ መቁጠሪያዋን ታወጣለች፤ ከኋላ ደግሞ «ነዳጁ አልቆ ነው እንጂ!» የሚል አዋቂ አይጠፋም።

ተረት፦ «ራዳር ሲጠፋ አውሮፕላኑ ይታወራል»

መሬት ላይ ያለው ራዳር የተቆጣጣሪው ዓይን ነው እንጂ የአብራሪው አይደለም። አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በራሱ መሣሪያና በሳተላይት ምልክት ነው። አትላንቲክን የሚያቋርጡ በረራዎች አብዛኛውን መንገድ ከመሬት ራዳር ዓይን ውጭ ሆነው ነው የሚጓዙት። በእኛው አህጉርም የተቆጣጣሪ ድምፅ በማይደርስባቸው ሰፋፊ ቦታዎች ላይ አብራሪዎች በ126.9 ሜጋኸርዝ «እዚህ ነኝ፣ ከፍታዬ ይህ ነው፣ እዚያ የምደርሰው በዚህ ሰዓት ነው» እየተባባሉ መብረር ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

ራዲዮውም ቢቋረጥስ? አብራሪው ትራንስፖንደር በሚባለው መለያ ቁጥር አስተላላፊ መሣሪያ ላይ 7600 ይሞላል፤ «መነጋገር አልቻልኩም» ማለት ነው። ቀጥሎ የሚያደርገው በዓለም አቀፉ ደንብ አስቀድሞ ተጽፏል። ራዳር ባለበት ቀጠና 7 ደቂቃ፣ በሌለበት 20 ደቂቃ የነበረውን ፍጥነትና ከፍታ ጠብቆ ይቆያል፤ ከዚያ የበረራ ዕቅዱን ይከተላል። ሁለት አውሮፕላኖች ከሚገባው በላይ ቢቀራረቡ ደግሞ ቲካስ የሚባለው መሣሪያ መሬትን ሳይጠይቅ አንዱን «ውጣ»፣ ሌላውን «ውረድ» ይላል።

ታዲያ ለምን ሌላ ቦታ ያርፋሉ? የጎደለው መንገድ ሳይሆን አቅም ስለሆነ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚሠራውን ሰው በእጁ ሲሠራ በአውሮፕላኖቹ መካከል የሚተወው ርቀት ይሰፋል፤ በሰዓት የሚያስተናግደው ቁጥርም ያሽቆለቁላል። ያልተነሱት ባሉበት ይያዛሉ። አየር ላይ ያሉት ግን መንገድ ዳር ቆመው አይጠብቁም፤ የተረፈው ወደ ጎረቤት ኤርፖርት ይሄዳል።

ተረት፦ «ሃከሮች ናቸው»

እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2023 እንግሊዝ የሕዝብ በዓል ላይ ነበረች። ጠዋት ከሎስ አንጀለስ ወደ ፓሪስ የሚሄድ የአንድ በረራ ዕቅድ ለአየር ትራፊክ ቁጥጥሩ ኮምፒዩተር ደረሰ። በዕቅዱ መንገድ ላይ ዲ-ቪ-ኤል የሚል ምሕፃረ ቃል ያላቸው ሁለት ነጥቦች ነበሩ፤ አንዱ አሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ዴቪልስ ሌክ፣ ሌላው ፈረንሳይ ዶቪል። ኮምፒዩተሩ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተው፤ የተሳሳተ መረጃ ለተቆጣጣሪ ከማቀበል ይሻላል ብሎ ራሱን ዘጋ። ተጠባባቂው ተረከበና ያንኑ ዕቅድ አንብቦ እሱም ተዘጋ። ይህ ሁሉ 20 ሴኮንድ አልሞላም።

ራዳሩም ራዲዮውም ቀኑን ሙሉ ደኅና ነበሩ። የተቋረጠው የበረራ ዕቅዶችን ተቀብሎ የሚያሰናዳው ክፍል ብቻ ነው፤ የ4 ሰዓት የተጠራቀመ መረጃም ነበረ። ችግሩን ከቤቱ ሆኖ ሊፈታ የሞከረው ባለሙያ አልሆን ብሎት ወደ ሥራ ቦታው ጉዞ ጀመረ፤ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት። በኋላ በተደረገው ማጣሪያ ከ700 ሺህ በላይ መንገደኞች መጉላላታቸው ታወቀ። እኔን የሚገርመኝ የተጠባባቂው ነገር ነው፤ እንደ ዋናው የሚያስብ ተጠባባቂ በዋናው ጥፋት ላይ የራሱን ይደግማል እንጂ አያርምም።

ከዚህ የባሰ ተራ ምክንያትም አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2004 ካሊፎርኒያ ፓልምዴል ያለው የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ማዕከል ከአብራሪዎች ጋር የሚነጋገርበት መሥመር በአንዴ ጸጥ አለ። ኮምፒዩተሩ ጊዜን የሚቆጥረው በሚሊሴኮንድ ነበር፤ 49.7 ቀን ሲሞላ ቆጠራው ያልቃል። መፍትሔ ተብሎ የተያዘው በየ30 ቀኑ አጥፍቶ ማብራት ነበር፤ በዚያ ዙር ግን ሳይደረግ ቀረ። ተጠባባቂውም አልሠራም።

ተረት፦ «ነዳጅ ሊያልቅ ሲል ነው የሚያዞሩት»

የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚያዞሩት ነዳጅ ሳለ ነው። ጄት አውሮፕላን ሲነሳ ለመንገዱ ከሚበቃው ሌላ ለመጠባበቂያ፣ ወደ ተለዋጭ ኤርፖርት ለመድረስ፣ ከዚያም በላይ ለ30 ደቂቃ ዙሪያ ለመዞር የሚበቃ ይይዛል። የመጨረሻው 30 ደቂቃ አይነካም ተብሎ የሚታሰብ ነው፤ ሊነካ መሆኑን ያወቀ ካፒቴን «ሜይዴይ ፉዌል» ብሎ የነዳጅ ድረሱልኝ ጥሪ ያውጃል። ስለዚህ ካፒቴኑ የሚጠብቅበትን የመጨረሻ ሰዓት ቀድሞ ያሰላል። ውሳኔውም የእሱ ነው፤ ከኩባንያው የበረራ ክትትል ክፍል ጋር ይመክራል፣ ተቆጣጣሪው ደግሞ መንገድ ይከፍትለታል።

ተረት፦ «እንግዲያው ምንም አደጋ የለውም»

ይህኛው ከፊተኞቹ ይከፋል፤ የሚያወራው ትንሽ ያወቀ ሰው ነውና። በፓልምዴሉ ቀን ቢያንስ 5 ጊዜ አውሮፕላኖች ከተፈቀደው በላይ ተቀራርበዋል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2002 ሌሊት ደግሞ በጀርመን ኡበርሊንገን ሰማይ ላይ የሩሲያ ቱ-154 እና አንድ የጭነት ቦይንግ 757 ተጋጩ፤ 71 ሰዎች ሞቱ። ዙሪክ ያለው የቁጥጥር ማዕከል በጥገና ምክንያት ስልኩ ተቋርጦ፣ የራዳሩም አቅም ተቀንሶ፣ ሥራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። ቲካስ የሩሲያውን አውሮፕላን «ውጣ» ሲለው ተቆጣጣሪው «ውረድ» ብሎት ነበር፤ አብራሪዎቹ የሰውን ቃል ሰሙ።

ስለ ካሳ ለሚጠይቁ፦ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የቁጥጥር ብልሽት ከአየር መንገዱ አቅም በላይ የሆነ ምክንያት ተደርጎ ስለሚታይ የገንዘብ ካሳ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ምግብና ማደሪያ ግን አየር መንገዱ ይችላል። ብልሽቱ ከተጠገነ በኋላም በማግስቱ በረራ የሚሰረዘው አውሮፕላኑ ያልታሰበበት ከተማ ስላደረ፣ አብራሪዎቹም የሥራ ሰዓታቸውን ስለጨረሱ ነው።